ያልተጠራው ባለ ጉዳይ፤ ስለ አራዊት ፎቶግራፍ የሚሰጥ ሂስ

ሰው በእጁ የሠራውን ሥራ ለሌላ ሰው ዐይን ሲያቀርብ፣ በአፉ ባይናገረውም፣ ሁለት ነገር ይለምናል። አንደኛው እንዲመሰገን ነው፤ ሁለተኛው እውነቱ እንዲነገረው ነው። ሁለቱ ልመናዎች በአንድ ቃል የሚመለሱበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ሸማኔ ጥበቡን፣ አናጢ በሩን፣ ተማሪ ቅኔውን ይዞ በመጣ ጊዜ ተመልካቹ የትኛውን ልመና አስቀድሞ መመለስ እንደሚገባው ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው።

በዛሬው ዘመን ይኸው ጥያቄ በፎቶግራፍ መልክ በየቤታችን ገብቷል። ካሜራ ያለበት የእጅ ስልክ ያልያዘ ወጣት ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አንኮበርና ወደ መንዝ የሚወጣው መንገደኛ ብቻ ሳይሆን፣ የአገሩ ተወላጅም ጭላዳውን፣ ቀይ ቀበሮውን፣ በገደል አፋፍ የሚያንዣብበውን አሞራ እያነሣ፣ «እስቲ እየው፣ እንዴት ነው?» እያለ ለጎረቤቱ ይሰጣል። የተጠየቀው ሰው ምን ብሎ ሊመልስ ይገባዋል? ነገሩ ሲያዩት የጨዋታ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ከግብረ ገብ ጥያቄዎች አንዱ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም በእንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ውስጥ ከአንሺውና ከተመልካቹ ሌላ አንድ ሦስተኛ ወገን አለ።

በፎቶ ቤት የሚሆነውን እናስታውስ። በፎቶ ቤት የሚነሣው ሰው ፎቶግራፉ ታጥቦ በወጣ ጊዜ ራሱ ያየዋል። «አጥቁረኸኛል» ይላል፤ «ዐይኔን ጨፍኜ ሳለሁ ነው ያነሣኸኝ» ይላል፤ አንዳንዱም «ይደገምልኝ፣ አለዚያ አልከፍልም» ብሎ ይቆጣል። በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበሉ ካገለገሉት አርመናውያን፣ ከቦያጂያን ቤተ ሰብ ጀምሮ፣ በየትንሹ ከተማ አንድ መጋረጃና አንድ ወንበር ይዞ እስከሚሠራው ባለ ፎቶ ቤት ድረስ፣ የመጀመሪያው ሂስ ሰጪ የተነሣው ሰው ራሱ ነበር። ባለ ሙያዎቹም ከዚህ ቍጣ ብዙ የተማሩ ይመስለኛል።

ጭላዳው ግን ፎቶግራፉን ሊወስድ አይመጣም። እኛ በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች፣ ጉዳዩ በእጃችን ያለውን ሰው «ባለ ጉዳይ» እንለዋለን። ባለ ጉዳዩ ሳይጠራና ቃሉ ሳይሰማ የተወሰነ መዝገብ፣ ደብዳቤው ምንም ያህል አምሮ ቢጻፍ፣ ማኅተሙም ምንም ያህል ቢደምቅ፣ ውሳኔው ጎዶሎ ነው። በአራዊት ፎቶግራፍ ላይ ያልተጠራው ባለ ጉዳይ አውሬው ነው። ስለዚህ በእርሱ ስፍራ ሆኖ የሚናገርለት ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ «እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀው ተመልካች ነው እንጂ ሌላ ከየት ይመጣል?

ይህን አሳብ የሚያስረዳልኝን ነገር ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻኝም። ደነባ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ጥቁር አፈር ስንዴና ጤፍ፣ ባቄላና ሽምብራ የሚያበቅል ሜዳ ነው። ሜዳው መጨረሻ የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው በእነዋሪ በኩል፣ ሰንጋው ወደሚወደስበት ወደ ጅሩ አገር ዘልቆ የሄደ እንደ ሆነ፣ ምድር በድንገት ትከፈትና የጀማ ሸለቆ ከእግሩ በታች ይዘረጋል። ጭላዳ እንዲህ ያለውን ገደል ይወዳል። ሌሊቱን በገደሉ እርከን ላይ አድሮ፣ ሲነጋ ወደ ሜዳው ወጥቶ እንደ በግ ሣር ሲግጥ ይውላል። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት አገር የለም። ሣር ግጦ በመኖርም ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ የሚተካከለው አይገኝም።

በአንድ የበጋ ቀን ቡና ተፈልቶ በተሰበሰብንበት ቤት አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ከዚያው ገደል ያነሣውን ፎቶግራፍ አሳየን። አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ነው። ጋማው በነፋስ ተበትኗል፤ በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ፍም መስሏል፤ የላይኛው ከንፈሩ ወደ አፍንጫው ተገልብጦ ጥርሱና ድዱ ሁሉ ይታያል። ወጣቱ «ሳቂታው ጭላዳ» የሚል ስም አውጥቶለታል። እኛም ስልኩን እየተቀባበልን «ግሩም ነው!» አልን። አንዱ «ሽልማት የሚገባው ነው» አለ። ስለ ካሜራ ጥቂት የሚያውቅ ሌላ ሰው ደግሞ በግራ በኩል ያለው ባዶ ስፍራ ቢቈረጥ የበለጠ እንደሚያምር ተናገረ። በዚህ መካከል የቤቱ እረኛ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሚሆነው ልጅ፣ ቆሎውን ሊቀበል ገብቶ በትከሻችን ላይ አሻግሮ አየና፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አልሳቀም። ፈርቶ ነው። በጣም ቀርበኸው ነበር መሰለኝ» አለ። የቤቱ እመቤትም ደንግጠው፣ «አንተ ልጅ፣ ዝም በል! ለትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?» ብለው ገሠጹት።

ልጁ ግን የተናገረው እውነት ነው። የጭላዳን ጠባይ ያጠኑ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ከንፈርን ገልብጦ ድድን ማሳየት የፍርሃት ወይም «ወግድ፣ አትቅረበኝ» የማለት ምልክት ነው እንጂ ሳቅ አይደለም። እረኛው ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። ወንጭፍ ይዞ ማሳ ሲጠብቅ፣ የትኛው ጭላዳ እንደሚሸሽ፣ የትኛው እንደሚጋፈጥ ከፊቱ መለየት ለእርሱ የዕለት ሥራው ነው። በዚያ ቤት በዚያ ቀን ከተነገረው ቃል ሁሉ ሂስ ተብሎ ሊጠራ የሚገባው የእርሱ ብቻ ነበር። የእኛ «ግሩም ነው» ስለ ፎቶግራፉ ምንም አልተናገረም፤ ስለ በዓል ልብስም፣ ስለ ወጥም ቢሆን ልንለው የምንችለው ቃል ነው። የልጁ ቃል ግን በፎቶግራፉ ውስጥ ያለውን አንድ ነገር፣ ማለት ከንፈሩን፣ በጣት እንደ መጠቆም ያህል አመለከተ፤ ምክንያቱን ተናገረ፤ ምክንያቱን በመናገሩም ወጣቱ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያዘው አስታወቀው። ከዚህም በላይ በዚያ ቤት ላልተጠራው ባለ ጉዳይ ቃል ሰጠ።

እመቤቲቱን የሚወቅስ ይኖር ይሆናል፤ እኔ አልወቅሳቸውም። ይሉኝታ ሞኝነት ወይም ፍርሃት ብቻ ተደርጎ ሲናቅ እሰማለሁ፤ ይህም ትክክል አይደለም። በትንሽ ከተማ ሰው ከሰው ጋር በገበያም፣ በለቅሶም፣ በሰንበቴም ሳይገናኝ አይውልም። እውነት የመሰለውን ሁሉ በፊት ለፊት የሚወረውር ሰው ለአንድ ቀን ይደነቅ ይሆናል፤ በዓመቱ ግን ጎረቤት አይኖረውም። ይሉኝታ በሰውና በሰው መካከል የተተከለ አጥር ነው፤ አጥር ደግሞ ጥቅም አለው። ክፉ የሚሆነው ሦስተኛ ወገን በሚጎዳበት ስፍራ ላይ ነው። እኔና ወጣቱ ተከባብረን ዝም ብንባባል ጭላዳው ምን ተጠቀመ? ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ያንን «ሳቅ» ለማግኘት ሲል ከእርሱ የበለጠ ይቀርበዋል።

«ሂስ» የሚለው ቃል ራሱ በጆሯችን መራራ ሆኖ የቀረበት ምክንያትም አለው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ «ሂስና ግለ ሂስ» በሚባለው ስብሰባ፣ ከዚያም ወዲህ «ግምገማ» በተባለው፣ ስንቱ ሰው በባልንጀሮቹ ፊት ቆሞ ተዋርዷል! በዚያ ያለፈ ሰው፣ ወይም አባቱ ሲያወራው ሰምቶ ያደገ፣ «ጥቂት ሂስ ልስጥህ» ሲባል ጀርባው ቢቀዘቅዝ አይፈረድበትም። በብዙ ስብሰባዎች ላይ የሚመዘነው ሰውየው ነበር እንጂ ሥራው አልነበረምና።

የቅኔ ቤት ልማድ ከዚህ የተለየ ነው። ተማሪው ብቻውን ወደ ዱር ወይም ወደ መቃብር ቤት ገብቶ ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና መጥቶ በመምህሩ ፊት ይነግራል። መጀመሪያም የሚሞክረው ከሁሉ የሚያንሰውን፣ ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ጉባኤ ቃና ነው። መምህሩ «ጎበዝ ነህ» ወይም «ሰነፍ ነህ» ብለው አያሰናብቱትም። ቤት ያልመታበትን፣ ሰሙ ከወርቁ ጋር ያልተገናኘበትን ቃል ለይተው ይነግሩታል፤ ሲያስፈልግም እዚያው አቃንተው ይመልሱለታል። ቅኔው በሠመረ ጊዜ ደግሞ «ይበል!» ይባልለታል። ይህ «ይበል» ዋጋ ያለው በየቀኑ ለሁሉ ስለማይሰጥ ነው። በዋሸራም፣ በጎንጅም፣ በዋድላም ስማቸው የተጠራ ባለ ቅኔዎች ያደጉት በእንዲህ ያለ እርማት ነው። ለፎቶግራፍ አዲስ የሂስ ሥርዓት ከውጭ አገር ከመበደራችን በፊት ይህን በቤታችን ያለውን ብንመለከት ምን ይጎድልብናል?

በዚህ መንገድ ስንሄድ ስለ ሙያው ነገር የምንሰጠው ቃልም ይለወጣል። አንድ ሰው በሰማይ ፊት የቆመ ጭላዳ አንሥቶ ቢያሳየን፣ አውሬው ጥላ ብቻ ሆኖ ቢታይ፣ «ጨልሟል» ማለት ፍርድ ነው፤ እርዳታ አይደለም። «ካሜራው የሰማዩን ብርሃን መዝኖ ስለ ሠራ ጭላዳውን አጠቆረው፤ ብርሃኑን ጥቂት ከፍ አድርገው፣ ወይም አንተ ከፍ ብለህ ቆመህ ገደሉን ከኋላው አድርግ» ብንለው ግን በማግሥቱ የሚሠራው ነገር አገኘ ማለት ነው። በእኛ አገር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በአናት ትቆማለች፤ ጎላ ያለው የጭላዳ ቅንድብም በዐይኑ ላይ ጥላ ይጥልና ዐይኑን ጉድጓድ ያስመስለዋል። ይህን ያላወቀ ጀማሪ መሣሪያው የማይረባ ይመስለውና በብድርም ቢሆን ውድ ካሜራ ሊገዛ ያስባል፤ የሚያስፈልገው ግን ማልዶ መነሣት ነው። አንዲት የተጣራች ቃል ለአንድ ደመወዝተኛ የስንት ወር ገንዘብ ታተርፍለታለች! (ይህን የምለው የካሜራ ዋጋ ጠይቄ ስለማውቅ ነው።)

ነገር ግን ከሙያው ምክር ሁሉ በጣም የተለመደውና እኔ በጣም የምጠራጠረው «ቅረብ» የሚለው ነው። አውሬው ፎቶግራፉን እንዲሞላው፣ ጠጕሩ አንድ በአንድ እንዲቆጠር ሁሉም ይመኛል። ይህ ምክር የአውሬውን ሰላም ከመንሣቱም ሌላ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ያርቃል። የመንዝን ጓሳ እንመልከት። ሕዝቡ የጓሳውን ሣር በቄሮ ሥርዓት፣ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ እየወሰነ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም፣ ስፍራው ዛሬ በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ይገኛል። በዓለም ላይ አዋቂዎቹ ከ500 የማይበልጡት የቀይ ቀበሮ ወገኖች ከሚኖሩባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱም ይኸው ጓሳ ነው። በዚያ የሠሩ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ያሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው በጭላዳዎች መንጋ መካከል ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ሲያድን ከመቶው ሙከራ 67 ያህሉ እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን ግን ከመቶው 25 ያህሉ ብቻ እንደሚሳካለት ገልጿል። ጭላዳዎቹም በመካከላቸው ሲያልፍ እንደ ጠላት አይሸሹትም።

እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ከሩቅ ሆኖ፣ ትንሽ ቀይ ነጥብ የመሰለ ቀበሮ በመቶ ጭላዳዎች መካከል ሲያልፍ ቢያነሣና «ምነው ቀበሮው አነሰ? ቍረጠው፣ አቅርበው» ብንለው፣ የዚያን ተራራ ትልቅ ምሥጢር በመቀስ ቈርጠን ጣልነው ማለት ነው። ያን ፎቶግራፍ ለማረም መጀመሪያ ስለ ቀበሮው ማወቅ ግድ ይላል። ስለዚህም ከከተማ የሚመጣ የካሜራ አዋቂ ካለ፣ የእረኛውም ወንበር ከጎኑ ሊዘረጋ ይገባዋል እላለሁ።

ውበትን ብቻ እየመዘኑ መፍረድ ትልልቆቹንም ዳኞች አሳስቷል። በለንደን ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በየዓመቱ በሚያካሂደው የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ውድድር፣ በ2009 ዓ.ም. (ይህም የሚቀጥሉትም ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ታላቁን ሽልማት ያገኘው የእስፓኛው ተወላጅ ሆሴ ሉዊስ ሮድሪጌዝ ነበር፤ ፎቶግራፉም ተኵላ በሌሊት የእንጨት በር ዘልሎ ሲገባ የሚያሳይ ነው። የሚደነቅ ሥራ ነው፤ ያየው ሰው አይረሳውም። በጥር 2010 ግን ዳኞቹ ተኵላው ለማዳ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሽልማቱን ሠረዙት፤ ሮድሪጌዝ በበኩሉ ክሱን አልተቀበለም። ጥርጣሬውን በመጀመሪያ ካነሡት መካከል የአገሩ ሰዎች፣ የሙያ ባልንጀሮቹ ነበሩ። እንደ ገና በ2018 ያው ሙዚየም ከአንድ ዓመት በፊት ያሸለመውን፣ በብራዚል አገር ጉንዳን በል አውሬ በሌሊት ወደ ምስጥ ኵይሳ ሲጠጋ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ፣ አውሬው ሞቶ በገለባ የተሞላ መሆኑ በጣም ያመለክታል ሲል ሠርዟል። ይህም አንሺ ክሱን ክዷል። በሁለቱም ጊዜ ስለ ብርሃኑና ስለ አቀማመጡ የተሰጠው ምስጋና ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን «ይህ እንስሳ በእርግጥ እንዲህ ያደርጋልን? በዚህ ስፍራ እንዴት ተገኘ?» የሚለው ጥያቄ ከምስጋናው በኋላ ስለ መጣ ለሁሉም ኀፍረት ሆነ።

ትዕግሥት እንደሚያሸልም የሚያሳይ ነገርም ከዚያው ውድድር አለ። በ2019 ከ15 እስከ 17 ዓመት ለሆናቸው ወጣቶች የተመደበውን ሽልማት የወሰደው ጣልያናዊው ሪካርዶ ማርኬጃኒ፣ በእኛው በስሜን ተራራ፣ በማለዳ፣ ሕፃኗን ከሆዷ ላይ አጣብቃ የምትሄድ እናት ጭላዳ አንሥቶ ነው። በዚያ ፎቶግራፍ ከንፈሩ የተገለበጠ ጭላዳ የለም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሁሉ ስነግራቸው፣ «አንተ ጀማሪዎቹን ልታስበረግግ ነው። ሰው ያላየውን አይወድም፤ ያልወደደውን አይጠብቅም። ወጣቱ ለጭላዳ ቁራሽ ዳቦ ቢወረውርና ቢያነሣው፣ ፎቶግራፉን አይቶ ሺህ ሰው ጭላዳን ቢወድ ምን ክፋት አለው?» ይሉኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ፎቶግራፍ ሰውን ለአራዊት እንዲራራ ያደርጋል ማለታቸው እውነት ነው። ዳቦው ግን በአንድ ቀን አያበቃም። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ወደ መኪና መንገድ ይጠጋል፤ ወደ ማሳና ወደ ጓዳ ይደፍራል፤ ከዚያም በመኪና ወይም በዱላ የሚመታው እርሱ ነው፤ እህሉ የሚጠፋበትም ገበሬ ነው። ፎቶግራፉን አይቶ የወደደው ሺህ ሰው በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ተቀምጧል። ስለዚህ ዳቦ በተወረወረበት ፎቶግራፍ ላይ ሂስ ሲሰጥ «ምን ሰጥተኸው ነው እንዲህ የቆመልህ?» ብሎ በለሰለሰ ድምፅ መጠየቅ ግድ ነው። ስድብ አያስፈልገውም። የተጠየቀው ሰው ለመመለስ ሲያስብ ራሱ ያገኘዋል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ምንም እንከን የሌለበት ፎቶግራፍ ነው። በጀማና በገባሮቹ ሸለቆዎች የሚታወቅ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ አንድ የቆቅ ዓይነት አለ። ወፎችን የሚያነሡ ሰዎች የተቀረጸ የወፍ ድምፅ እያሰሙ ወፉን ከቍጥቋጦው ማውጣት ልማዳቸው ነው፤ ወፉም ባላጋራ የመጣበት መስሎት ስፍራውን ሊያስከብር ይወጣል። አንድ ጊዜ ቢሆን ያልፍ ይሆናል፤ በየሳምንቱ አዲስ እንግዳ ቢመጣበት ግን መቼ ይበላል? መቼስ ዕንቁላሉን ይታቀፋል? እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ብርሃኑ ልክ፣ ዐይኑ የጠራ፣ ላባው የሚዳሰስ የሚመስል ሊሆን ይችላል። ሂስ ሰጪው ስለ ሥራው «ይበል» እያለ፣ ስለ አሠራሩ ግን «አይደገም» ሊል ይገባዋል። በአንድ ትንፋሽ ሁለቱን ማለት ደግሞ እንደምንገምተው ቀላል አይደለም፤ ሰሚው ደስ ያለውን አንዱን ብቻ ይዞ ይሄዳልና። በበኩሌ «አይደገም» የሚለውን ማስቀደም ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምስጋናው ከእርሱ በኋላ ሲመጣ ይሰማል።

በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የወፍ ጎጆ አንሥቶ አሳየኝ። በጎጆው ውስጥ ሦስት ዕንቁላሎች ይታያሉ፤ የሣሩ አሠራር፣ የማለዳው ጤዛ ሁሉ ግልጽ ነው። አሳጥቦ በቢሮው ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው አስቧል። ስለ ጤዛው የተሰማኝን ደስታ ነገርሁት፤ ቀጥዬም አንተ እዚያ በቆምህበት ጊዜ እናቲቱ ከጎጆዋ ምን ያህል ቆየች ብዬ ጠየቅሁት። ሰዓት አላየሁም አለኝ። ጎጆውስ ያለበት ስፍራ በፎቶግራፉ ይታወቃልን ብለው፣ ከኋላው ያለውን ግንብ ተመልክቶ፣ የወረዳው ሰው ሁሉ ያውቀዋል አለ። ፎቶግራፉ እስከ አሁን አልተሰቀለም። ጫጩቶቹ በርረው እስኪሄዱ ድረስ በመሳቢያው ውስጥ ይቆይ ተባብለናል፤ ግንቡን ቈርጦ መስቀል ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለውን ግን ገና አልተስማማንበትም።